ፎቶዎቼ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑብኝ፣ ኤዲቲንግና አደራደር ከየት ልጀምር?

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። ወንድሜ ወደ ውጭ ሲሄድ ካሜራውንና ላፕቶፑን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። እስከዚያ ድረስ የማውቀው ስልኬ ላይ ያለውን ስናፕሲድ የሚባል የፎቶ ማስተካከያ ብቻ ነበር። ፎቶ አነሳለሁ፣ ትንሽ ብርሃን እጨምራለሁ፣ ቴሌግራም ላይ እለቃለሁ፣ በቃ።

አሁን ግን ሰው ይጠራኝ ጀምሯል። ባለፈው የምርቃት ሰሞን የሰፈር ልጆችን ፍቅር ሐይቅ ወስጄ አነሳኋቸው። ከዚያ ልደት መጣ፣ ከዚያ የአክስቴ ልጅ መልስ። ፎቶው ተከመረብኝ። ስቆጥረው 11 ሺህ አልፏል። ግማሹ ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ ግማሹ ፍላሽ ላይ፣ «አዲስ ፎልደር»፣ «አዲስ ፎልደር 2» እየተባለ፤ የቱ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም።

ላፕቶፑ ላይ ላይትሩም ክላሲክ የሚባል የፎቶ መደርደሪያና ኤዲት ማድረጊያ ፕሮግራም ነበረ። ከፍቼ ኢምፖርት አልኩት፣ ሁሉም ገባ። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ኤዲት አደረግኩ። ከዚያ ዲስኩ ሞላ ሲለኝ ፎልደሮቹን በሙሉ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ አዛወርኳቸው፣ የአንዳንዶቹንም ስም እዚያው ቀየርኩ። መልሼ ስከፍተው ፎልደሮቹ ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። ፎቶዎቹ በትንሹ ይታያሉ፣ ግን ኤዲት ላድርግ ስል ፋይሉ የለም ይለኛል።

ከሁሉም የጨነቀኝ የአያቴ ፎቶ ነው። ባለፈው ዓመት ለፍቼ ጨምበላላ እሷ ጋ ሄደን ነበር። ቡርሳሜ (ከእንሰት በቅቤ የሚሠራውን ምግብ) ስታዘጋጅ አነሳኋት። ሻፌታው (የሸክላ ገበታው) ላይ ጎንበስ ብላለች፣ እጇ ቅቤ ነክቶታል፣ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ግማሽ ፊቷ ላይ አርፏል። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም፣ አረፈች። ያንን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ለእናቴ ልሰጣት ነበር ያሰብኩት።

እባካችሁ ጠፍቷል ወይስ ይመለሳል? ሌላው ደግሞ፣ በየወሩ በዶላር መክፈል አልችልም። በነፃ የሚሠራ ካለ የቱን ልማር?

ታቦር ሥር፦

አይዞሽ እህቴ፣ አልጠፋም። መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፤ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ምንም እንዳትነኪ። በተለይ የጥያቄ ምልክት ያለበትን ፎልደር «ሪሙቭ» እንዳትዪው። እንደ አዲስ ኢምፖርትም እንዳታደርጊ። ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው ፎልደሩን በማዛወሩ አይደለም፣ ደንግጦ ቀጥሎ በሚያደርገው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላይትሩም ፎቶሽን ውስጡ አያስቀምጥም። ካታሎግ የሚባል አንድ ፋይል አለው። የዕድር ጸሐፊ ደብተር በይው። ደብተሩ ላይ እገሌ የሚኖረው እዚህ ቤት ነው፣ ይህን ያህል ከፍሏል፣ ይህ ይቀረዋል ተብሎ ተጽፏል። ሰውየው ለጸሐፊው ሳይናገር ቤት ቢቀይር ጸሐፊው የድሮው ቤት ሄዶ ያንኳኳል፣ ማንም አይከፍትለትም። ሰውየው ግን በሕይወት አለ፣ ሒሳቡም ደብተሩ ላይ እንዳለ ነው። አንቺም ያደረግሽው ይህንኑ ነው። ፎቶዎቹን ቤት አስቀየርሽ፣ ለጸሐፊው አልነገርሽም።

አሁን ሃርድ ዲስኩን ሰኪ። ላይትሩምን ክፈቺ። በግራ በኩል የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ላይ ራይት ክሊክ አድርጊና «ፋይንድ ሚሲንግ ፎልደር» የሚለውን ምረጪ። ከዚያ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ትክክለኛውን ፎልደር አሳዪው። ስሙን የቀየርሽው ከሆነ አዲሱን ስም ምረጪ፣ ችግር የለውም። ብዙ ፎልደር በአንድ ትልቅ ፎልደር ውስጥ ከነበረ ከትልቁ ጀምሪ፣ ስማቸው ያልተነካው ትንንሾቹ አብረው ይመጣሉ። ስማቸው የተቀየረውን አንድ በአንድ ታሳዪዋለሽ። የሦስት ቀን ኤዲትሽም ደብተሩ ላይ ስላለ አብሮ ይመለሳል።

ከዛሬ ጀምሮ ፎልደር ማዛወርም ሆነ ስም መቀየር ስትፈልጊ እዚያው ላይትሩም ውስጥ ሆነሽ አድርጊው። ያኔ ጸሐፊው ራሱ ነው ዕቃውን የሚያጓጉዘው።

ደግሞ ስትዘጊው ካታሎጉን ባክአፕ ላድርግ ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። እሺ በዪው፣ ግን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጪው። ያ ባክአፕ የደብተሩ ኮፒ ብቻ እንደሆነ አትርሺ፣ ፎቶዎቹ ውስጡ የሉም። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ሰርግ አጥቻለሁ። ባክአፕ አለኝ ብዬ ተማምኜ ሃርድ ዲስኩን ፎርማት አደረግኩት። ሙሽሮቹ ቤት ሄጄ የተናገርኩትን እስከዛሬ አልረሳውም።

የዳቶ ልጅ፦

ምን ያስጨንቅሻል፣ ክራኩን (ሳይከፈልበት የተሰበረውን) የሚጭንልሽ ሞልቷል። ፎቶሾፑም ላይትሩሙም አንድ ላይ ይጫንልሻል፣ ዕድሜ ልክ ነው።

ሻይ በሎሚ፦

የዳቶ ልጅ፣ ይህንን ምክር እኔም ሰምቼ ነበር። አንድ ሱቅ ወስጄ አስጫንኩ። አንቲቫይረሱን አጥፉት ካልሆነ አይሠራም ተባልኩ፣ አጠፋሁት። በሳምንቱ ቫይረስ ገብቶ ፍላሼ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነ። ፍላሹን የሰካሁባቸው ሁለት ጓደኞቼም ላይ ተላለፈ። የሰው ፎቶ በአደራ የያዘ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ላይ መጫወት የለበትም ባይ ነኝ።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። በነፃ የሚሠራ አለ፣ ያውም ጥሩ። ለመደርደር ዲጂካም፣ ለኤዲት ዳርክቴብል። ሁለቱም ክፍት ሶፍትዌር ናቸው፣ ከድረ ገጻቸው ታወርጃለሽ፣ ማንም ክፈሉ አይልሽም። እኔ የምጠቀምበት ላፕቶፕ አሮጌ ነው። ዲጂካም ደህና ይሄድልኛል። ዳርክቴብል ግን ከበድ ይላል፣ ደግሞ ስትከፍቺው አዝራሩ ስለሚበዛ ያስደነግጣል። ከ60 በላይ ሞጁል (የማስተካከያ መሣሪያ) አለው፣ በሥራዬ ግን ስድስት ሰባቱን ብቻ ነው የምነካው። ስለዚህ የወንድምሽ ላይትሩም በሕጋዊ መንገድ የሚሠራልሽ እስከሆነ ድረስ በእሱ ተማሪ። ክፍያው ሲያልቅ ትሸጋገሪያለሽ። የተማርሽው ነገር አብሮሽ ይሄዳል፣ ዋይት ባላንስ (የፎቶውን ቀለም ወደ ትክክለኛው መመለስ) የትም ዋይት ባላንስ ነው።

ዲጂካም ከጫንሽ አንድ ሴቲንግ ቀይሪ። ሜታዳታ (ስለ ፎቶው የሚጻፍ መረጃ) በሚለው ክፍል ውስጥ የምትጽፊውን መለያና ኮከብ ፋይሉ ላይም እንዲጽፍ አድርጊው። ያኔ «አያቴ»፣ «ፍቼ»፣ «ቡርሳሜ» ብለሽ የለጠፍሽው ቃል ከፎቶው ጋር ይኖራል፣ ነገ ሶፍትዌር ብትቀይሪም ይዘሽው ትሄጃለሽ። ፊት የመለየት አገልግሎትም አለው፣ ሥራውን የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተርሽ ላይ ነው፣ የሰው ፊት ኢንተርኔት ላይ አይጭንም። መጀመሪያ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ያወርዳል፣ ስለዚህ የማታ ፓኬጅ ጠብቂ።

ማንም የማይነግርሽን ደግሞ ልንገርሽ። ቀን። እኛ ጋ ትልቁ ጣጣ ቀን ነው። ካሜራው የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ የካሜራውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ሞላሁት፣ ሰዓቱንም በእኛ። ከጓደኛዬ ጋር አንድ ሰርግ አነሳን፣ የእሷ በፈረንጅ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ ከትተን በሰዓት ደርድር ስንለው፣ የእኔዎቹ ሁሉ ከእሷ ሰባት ዓመት ወደኋላ ሄደው ቁጭ አሉ። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን አስተካከልን፣ ደግሞ ሰዓቱ መጣ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የተቆረሰው ኬክ የእኔ ካሜራ ላይ 15፡00 ይላል፣ የእሷ ካሜራ ደግሞ 15፡00 የሚለው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሐይቅ ዳሩን ፎቶ ነው። ኬኩ ከሐይቁ ጋር ተደባለቀ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካሜራሽን በቀንም በሰዓትም በፈረንጅ ሙዪው። ተሳስቶ የተነሳውን በጅምላ ታስተካክያለሽ። ላይትሩም ላይ «ኤዲት ካፕቸር ታይም» ይባላል፣ ዲጂካም ላይ «ታይም አጀስት»። የእኔን ሁሉ መርጬ 6 ሰዓት ጨመርኩ፣ ተስተካከለ። ለፎልደር ስም ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የነገሩን ስም። 2025-07-12 ምርቃት። እንዲህ ከጻፍሽ ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ያስቀምጥልሻል። ፍቼ ደግሞ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚለዋወጥ በቀን ብቻ ፈልገሽ አታገኚውም፣ ስሙን ጻፊበት።

የድሮ ፎቶ ቤት፦

ልጄ፣ አያትሽን ነፍስ ይማር። እኔ ሐዋሳ ላይ በፊልም ዘመን ፎቶ ቤት ነበረኝ። አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ግን ከልጆቼ ኮምፒውተር ተምሬ የድሮ ኔጋቲቮቼን እያስገባሁ ነው። ስለ ፕሮግራሙ ወጣቶቹ በደንብ ነግረውሻል። እኔ ስለ ፎቶው ልናገር።

11 ሺህ ፎቶ አያስፈልግሽም። አንድ ፊልም 36 ነበር። ለአንድ ሰርግ ሦስት ፊልም ካነሳሁ ብዙ ነበር። አንቺ አሁን አንዱን ሳቅ 20 ጊዜ ታነሺዋለሽ፣ ጥሩ ነው፣ አንሺው፣ ግን አንዱን ምረጪ። ኤዲት ከማድረግሽ በፊት ምረጪ። ያልተመረጠ ፎቶ ላይ የሚለፋ ሰው በሁለተኛው ቀን ይሰለቸዋል፣ ይተወዋል።

ቀጥሎ ነጠላ። እዚህ አገር ሰው ለበዓል ነጭ ይለብሳል። ካሜራ ደግሞ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይወዳል፣ አሠራሩ ነው። አራት ሴቶች ነጭ ሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ፊት ለፊት ሲቆሙ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታቸው ይጠፋል። የምርቃት ጋዋን ሲያይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፣ ጥቁሩን ለማፍካት ሲል ፊቱን ያነጣዋል። ስለዚህ ኤዲት ስታደርጊ መጀመሪያ የምታዪው ፊትን ይሁን። ፊቱን በኤክስፖዠር (በአጠቃላይ ብርሃኑ) አስተካክዪ፣ ከዚያ ነጠላው ከነጣ ሃይላይቱን (የደመቀውን ክፍል) ወደታች ሳቢው፣ ጥለቱና ክሩ ይመለስልሻል። ይህ የሚሆነው ግን ሮው (ካሜራው ያየውን እንዳለ የሚያስቀምጥበት ጥሬ ፋይል) ካነሳሽ ነው። ጄፔግ (የተለመደው የተጨመቀ ፎቶ) ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው፣ ባለ 14 ቢት ሮው ከ16 ሺህ በላይ ይይዛል። ጄፔግ ላይ የነጣ ነጠላ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ድንኳን። ሰማያዊ ሸራ ሥር ያለ ሰው ፊቱ ሰማያዊ ነው፣ ቢጫ ሸራ ሥር ያለ የታመመ ይመስላል። ለዚህ ነው ዋይት ባላንስ የመጀመሪያው ሥራ የሚሆነው። የዓይን ጠብታ ማንጠባጠቢያ የሚመስለውን ምልክት አንሺና ነጭ ወይም ግራጫ መሆኑን እርግጠኛ የሆንሽበትን ቦታ ንኪበት፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የነጠላው ጥላ ያረፈበት ክፍል። በጣም የነጣውን አትንኪ፣ እሱ ውስጥ ቀለም አልቀረም። አንዱን ካስተካከልሽ በኋላ እዚያው ድንኳን ውስጥ የተነሱትን ሁሉ መርጠሽ «ሲንክ» በዪው፣ ያው ማስተካከያ ለሁሉም ይደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልቤ ልለምንሽ። የሰውን ቆዳ አታንጪ። ደንበኛ ይጠይቅሻል፣ አውቃለሁ፣ እኔንም ይጠይቁኝ ነበር። በደንብ የበራ ጠይም ፊት እንደሚያምር አሳዪአቸው እንጂ ሌላ ሰው አድርገሽ አትስጫቸው። የአያትሽን ፊት ደግሞ ጭራሽ አትንኪው። መጨማደዱ ይኑር።

ታቦር ሥር፦

ጋሼ እናመሰግናለን፣ የድንኳኑን ነገር እኔ በስንት መከራ ነው የተማርኩት።

ስለ መምረጡ ልጨምርልሽ እህቴ። ላይትሩም ላይ ፎቶውን በትልቁ ክፈቺና ካፕስ ሎክ አብሪ። ከዚያ የምትወጂውን ፒ፣ የሚጣለውን ኤክስ፣ በነካሽ ቁጥር ራሱ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አታስቢ፣ ሁለት ሰከንድ በቂ ነው። ዓይኑ የተጨፈነ፣ የተንቀጠቀጠ፣ ሰው ጀርባ የገባ፣ ኤክስ። የተጠራጠርሽበትን ዝም ብለሽ እለፊው። 400 የልደት ፎቶ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ኮከብ መስጠት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ቡናው ሲፈላ ነው የምሠራው፣ ሦስተኛው ሳይደርስ እጨርሳለሁ።

ለልምምድ ደግሞ በማለዳ አሞራ ገደል ሂጂ። ዓሣው ሲራገፍ፣ ወፎቹ ሲሰበሰቡ፣ ከሐይቁ ላይ ጉሙ ገና ሳይነሳ። ነጭም ጥቁርም የሚያብረቀርቅም ሁሉም አንድ ፍሬም ውስጥ አለ። እዚያ ያነሳሽውን 10 ፎቶ ብቻ ወስደሽ ቁጭ በዪ። ዋይት ባላንስ፣ ኤክስፖዠር፣ ሃይላይት፣ ሻዶው (የጨለመው ክፍል)፣ ክሮፕ (ጠርዙን መቁረጥ)። ለአንድ ወር ከእነዚህ ውጭ ምንም አትንኪ። ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ ያለቀ ኤዲት) አውርዱ የሚሉሽን አትስሚ፣ ገና ዓይንሽ እየተማረ ነው።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦

ተመለሰ!!! እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ማታ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ዛሬ ጠዋት ነው የሞከርኩት። ትልቁን ፎልደር ሳሳየው ዘጠኙ የጥያቄ ምልክት ባንድ ጊዜ ጠፋ። ስማቸውን የቀየርኳቸውን አራቱን አንድ በአንድ አሳየሁት። ኤዲቶቹ እንዳሉ ናቸው። የአያቴ ፎቶ «አዲስ ፎልደር 2» ውስጥ ነበረች። አሁን ፎልደሩ ስም አለው።

ጋሼ እንዳሉኝ ፊቷን አልነካሁም። ከበሩ በኩል ያለው ግድግዳ ነጥቶ ነበር፣ ሃይላይቱን ስስበው የጭቃው ስንጥቅ ተመለሰ። ሻዶውን በጣም ትንሽ ከፍ አደረግኩ፣ እና ምን እንዳየሁ ታውቃላችሁ፣ ከኋላዋ ጨለማው ውስጥ የእናቴ እጅ አለ። እንሰራውን ይዛላት ነበር። ሳነሳው አላየሁትም ነበር። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው፣ ከዚያ «ቀለበቴ ነው እኮ» አለች።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። በምን ያህል መጠን ላሳትመው? ለወንድሜስ እንዴት ልላክለት? ቴሌግራም ላይ ስልክለት ደበዘዘ አለኝ።

የድሮ ፎቶ ቤት፦

እሰይ ልጄ። ካሜራሽ 24 ሜጋፒክስል ከሆነ ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 50 በ34 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል፣ በጥራት። ክሮፕ ካደረግሽው ያንሳል። ጄፔግ አድርገሽ ስታወጪ ቀለሙን ኤስአርጂቢ (የተለመደው የቀለም ዓይነት) በዪው። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፣ የላፕቶፕሽ ብርሃን እስከ ላይ ከሆነ አንቺ የምታዪው የደመቀ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ጨልሞ ይወጣል። ብርሃኑን ወደ ግማሽ አውርጂና እንደገና እዪው። ትልቁን ከማሳተምሽ በፊት ትንሿን 10 በ15 አሳትሚና ደጅ ወጥተሽ በቀን ብርሃን ተመልከቻት። የእናትሽ እጅ እዚያም ላይ ከታየ ትልቁን እዘዢ።

ሻይ በሎሚ፦

ለወንድምሽ ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው። ቴሌግራም ላይ የወረቀት ማያያዣዋን ስትነኪ «ፋይል» የሚል አለ። እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቃል፣ የተነሳበት ቀንም አብሮ ይጠፋል። ዘመዶችሽ የድሮ ፎቶ ሲልኩልሽም እንዲሁ እንደ ፋይል ላኩልኝ በያቸው።

ታቦር ሥር፦

ደስ ሲል! የቀለበቱን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ።

እህቴ፣ አሁን ያ ፎቶ ያለው አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው አይደል? ዛሬውኑ ሁለተኛ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጊው። ሮው ፋይሉን፣ አጠገቡ ኤክስኤምፒ የሚባል ኤዲቱ የሚጻፍበት ትንሽ ፋይል ካለ እሱንም፣ ካታሎጉንም። ኮፒ እያደረገ መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ እንዲኖረው ቻርጅ አድርጊው፣ ዲስኩን ደግሞ «ኢጀክት» ሳትዪ እንዳትነቅዪው። ሦስተኛው ኮፒ ከቤትሽ ውጭ ይሁን። ሻሸመኔ ዘመድ ካለሽ እዚያ አስቀምጪ፣ እኔ የእኔን እህቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት፣ በየሦስት ወሩ እየሄድኩ እቀይረዋለሁ። ስትጨርሺ እዚህ ጻፊልን።